ላቦራቶሪው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ እኛ ሰርተፊኬት እንቆጥራለን

ይህን የምጽፈው ከጉኑኖ ነው፤ ወላይታ ዞን፣ ዳሞት ሶሬ። ጉዳዩ ኮምፒውተርን የሚመለከት ስለሆነ «ይኼ የባለሙያ ወሬ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። የማወራው ስለ ልጆቻችን ነው። የሚጠይቀው ገንዘብም ትንሽ ነው፤ ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው አበል የሚበልጥ አይደለም።

ከምናውቀው ቁጥር እንጀምር። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። ከፍ ማለቱ ደግ ነው፤ ግን ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላዩ አሁንም ወዳቂ ነው።

በዚሁ በ2016 ዓ.ም. ሌላም ነገር ተጀመረ። ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር፣ በኦንላይን መሰጠት ጀመረ። ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ የሕይወቱን ትልቁን ፈተና በማውዝ ይፈተን ተባለ። የዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተበሰረ። ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የሚካሄድ፣ በነፃ፣ በኦንላይን የሚሰጥ ትምህርት ነው። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ ልማት። ሐሳቡን አልጠላውም። በነፃ የሚሰጥን ትምህርት የሚጠላ ሰው ጤና የለውም።

የምጠላው ቆጠራውን ነው። መርሐ ግብሩ ከተጀመረ ወዲህ በየዜናው የምንሰማው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ሰርተፊኬት ወሰደ። ክልል ከክልል ይወዳደራል፣ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ኮታ ይሰጣል፣ ሰርተፊኬቱ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። «ምን ሠሩበት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጠፋ። አምስት ሚሊዮን ሰው ማሰልጠን ማለት አምስት ሚሊዮን ሰው አንድ ነገር ሲሠራ ማየት መስሎኝ ነበር። ትንሽም ብትሆን የምትታይ፣ የምትነካ ነገር።

ወደ ክፍላችን እንግባ። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ባሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች የአይቲ ትምህርት የሚሰጠው በጠመኔ ነው። ኪቦርድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሳላል። ተማሪው «ሃርድዌር ማለት…» ብሎ ይሸመድዳል፣ «ሶፍትዌር ማለት…» ብሎ ይሸመድዳል፣ ፈተናው ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ያከብባል። መዋኛን ከደብተር ላይ እንደመማር ያለ ነገር ነው። መምህሩን አልወቅስም። ኮምፒውተር ሳይሰጡት ስለ ኮምፒውተር አስተምር የተባለ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያድርግ?

የኛ ችግር ሁልጊዜ ዕቃ መጠበቃችን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጣ። ከሳተላይት የሚወርድ ትምህርት በእንግሊዝኛ እየተንቆረቆረ፣ መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። በኔ ዕድሜ ያላችሁ አትረሱትም። ጥያቄ ብትጠይቀው የማይሰማ መምህር ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላም ላፕቶፕ ይመጣል፣ ታብሌት ይመጣል፣ የኮምፒውተር ላብ ይገነባል ተብሎ ሲጠበቅ ኖሯል። የመጣውም ስንቱ ቦታ በቁልፍ ተዘግቶበት፣ «እንዳይበላሽ» እየተባለ አቧራ ለብሷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ልጆቹ አይችሉም» የሚለኝ ካለ ደግሞ ወንጪንና ወለንጪቲን ላስታውሰው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመሩት «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በሁለቱ አካባቢዎች ላሉ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጡ ሕፃናት ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀምጦ ሄደ። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ድርጅቱ ውጤቱን አጋንኖታል የሚሉ አሉ፤ ይሁን። ቢያንስ አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ የጎደለን የልጅ ጭንቅላት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የምንጠብቀው ላብ መጥቷል። ከመጣም ቆይቷል። እያንዳንዱ ስማርት ስልክ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ስሙ ካንቫስ ይባላል። በአማርኛ ሸራ ነው፤ ሠዓሊ የሚስልበት ሸራ።

ምንድን ነው? ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል የሚባል ቋንቋ አለ። በዚህ ቋንቋ «እዚህ ጋ ባዶ ሸራ ዘርጋልኝ» የምትል አንዲት ቃል አለች፤ ካንቫስ። መጠኑን ካልነገርከው ብሮውዘሩ ወርዱ 300፣ ቁመቱ 150 ነጥብ የሆነ ባዶ ሸራ ይዘረጋል። ነጥቦቹ ፒክስል ይባላሉ። ከዚያ ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ ትእዛዝ ትሰጠዋለህ። «ፊል ሬክት» ካልከው አራት ማዕዘን ቀለም ይቀባል። «ላይን ቱ» ካልከው መስመር ያሰምራል። «አርክ» ካልከው ክብ ይሠራል። አንዱን ቁጥር ቀይረህ ገጹን እንደገና ስትከፍተው ሥዕሉ ይቀየራል። በቃ ይኸው ነው።

ነገሩን የጀመረው አፕል ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ለማክ ኮምፒውተሮቹ ትናንሽ መገልገያዎች ብሎ። በዓመቱ ፋየርፎክስ ተቀበለው። ማይክሮሶፍት ዘግይቶ በ2011 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 ላይ አስገባው። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኤችቲኤምኤል5 አካል ሆኖ የዓለም መስፈርት ሆኖ ጸደቀ። ከዚያ በፊት ድረ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ለመሥራት ፍላሽ የሚባል የኩባንያ ሶፍትዌር ያስፈልግ ነበር። ያ ሶፍትዌር በ2020 መጨረሻ ተቀበረ። ካንቫስ ግን የማንም ንብረት አይደለም። ፈቃድ አይጠይቅም፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ አካውንት ክፈት አይልም።

ለኛ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ልብ በሉ፤ «ድረ ገጽ» ስለተባለ ኔትወርክ የግድ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። አይደለም። ኖትፓድ ላይ ወይም ስልክ ላይ ባለ ማንኛውም ጽሑፍ መጻፊያ ትጽፈዋለህ፣ በኤችቲኤምኤል ፋይልነት ታስቀምጠዋለህ፣ በክሮም ትከፍተዋለህ። ዳታ ዜሮ። ፋይሉ አንድ ኪሎባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ በቅጽበት ያልፋል። የጉኑኖ ልጅ ፊልምና ሙዚቃ በሚሞሪ ካርድ የሚያስጭንበት መንገድ ለዚህም ይሠራል። ኔት ሲቆረጥ፣ ካርድ ሲያልቅ፣ ኦንላይን ኮርሱ «እየጫነ ነው» ብሎ ሲሽከረከር፣ ካንቫሱ ሥራውን ይቀጥላል።

«ሥዕል መሳል ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛው ዱንጉዛ ነው። ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ፤ የወላይታ ሰው በሠርግም በበዓልም የሚለብሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያንን መስመር መስመር ጥለት በካንቫስ ለመሥራት አንድ ልጅ ምን ማወቅ አለበት? ነገሩን ለማቅለል፣ ሸራው 300 ነጥብ ወርድ አለው እንበል። አንዱ መስመር 10 ነጥብ ቢወፍር 30 መስመር ይኖራል። ሠላሳ ጊዜ ትእዛዝ መጻፍ ሞኝነት ነው፤ ስለዚህ «ይህን ሠላሳ ጊዜ ደጋግም» ማለትን ይማራል። ፕሮግራመሮች ሉፕ የሚሉት ይኼ ነው። ቀለሙን እንዴት ይቀያይር? የመስመሩን ተራ ቁጥር ለሦስት ያካፍል፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ጥቁር፣ አንድ ከሆነ ቀይ፣ ሁለት ከሆነ ቢጫ። አምስተኛ ክፍል ላይ «ቀሪ» ተብሎ የተማራት፣ ምን እንደምትጠቅም ማንም ያልነገረው ነገር ድንገት ጥለት ሆና ትወጣለች። ቀለሙም ራሱ ትምህርት ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ቢጫ የሚገኘው ቀይና አረንጓዴን እኩል አብርቶ ሰማያዊን በማጥፋት ነው። ይህንን በቀለም እርሳስ አታገኘውም፤ የፊዚክስ መጽሐፍ ላይ ካነበብከውም ትረሳዋለህ። በገዛ እጅህ ካበራኸው ግን አይረሳህም።

ሸማኔው ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒውተር ሲቆጥረው ኖሯል። አውሮፓም ውስጥ ቢሆን በ1800ዎቹ መጀመሪያ ጃካርድ የተባለው ፈረንሳዊ ጥለትን በተበሳ ካርድ የሚያዝ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ባቤጅ የተባለው እንግሊዛዊ የኮምፒውተርን ቅድመ አያት ሲያስብ ካርዱን ከዚያ ነው የወሰደው። ሽመናን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ስንንቅ የኖርን ሰዎች የኮምፒውተር ታሪክ ከሽመና ቤት እንደሚጀምር ብናውቅ ደግ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ሸራው ላይ ዜሮ ዜሮ የሚባለው ነጥብ ከላይ በስተግራ ጥጉ ላይ ነው። ኤክስ ወደ ቀኝ ይጨምራል፤ ዋይ ግን ወደ ታች። ክፍል ውስጥ ደግሞ ዋይ ወደ ላይ ነው የተማርነው። ልጁ ኮረብታ ስሎ ገደል ሲወጣለት «ለምን?» ይላል። «ለምን» ያለ ልጅ ደግሞ መማር ጀምሯል። ክብ ለመሳል አንግሉን በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ነው የምትሰጠው። ግማሽ ክብ ፈልጎ 180 ብሎ የጻፈ ልጅ ሙሉ ክብ ይወጣለታል፤ ትክክለኛው 3.14፣ ማለትም ፓይ ነው። ራዲያን ምን ያደርጋል እያሉ ከሸመደዱት ስንት ሺህ ልጆች መካከል ራዲያንን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? እዚህ ላይ ስህተት ቀይ እስክሪብቶ አይደለም፤ ሥዕል ነው። ልጁ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል፣ መምህሩን አይፈራም።

ሦስተኛው ከሁሉም ያናድደኛል። የጉኑኖ ዝናብ ነው።

ብዙዎቻችሁ ይህን አታውቁም፤ እዚህ ተወልደው ያደጉም የማያውቁ አሉ። በ1981 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመሩ። ሳይንቲስቱ ሃንስ ሁርኒ ይመሩት ነበር። በአገሪቱ ውስጥ ጥቂት ጣቢያዎች ተመረጡ፤ ወሎ ላይ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ ላይ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም ላይ አንጀኒ። ከነዚያ አንዱ ጉኑኖ ነው። እዚሁ ማሳችን ላይ ለዓመታት ዝናብ ተለካ፣ ጎርፍ ተለካ፣ ጎርፉ ጠርጎ የወሰደው አፈር ተመዘነ። እርከን የተሠራበትና ያልተሠራበት መሬት ተወዳደረ። ስለ ኢትዮጵያ የአፈር መሸርሸር በዓለም ላይ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ የጉኑኖ ስም ደጋግሞ ይነሳል። መረጃው በእንግሊዝኛ ተጠርዞ በርን ታትሟል።

የጉኑኖ ትምህርት ቤቶች ልጆች ያንን መረጃ በግራፍ መልክ ስለው ያውቃሉ? የጂኦግራፊ መጽሐፋቸው ላይ ስለ ዝናብ ሥርጭት ሲማሩ ያገራቸው ዝናብ በአባቶቻቸው ማሳ ላይ በሚሊ ሜትር ተለክቶ እንደተቀመጠ የሚነግራቸው አለ? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። መሬት በጠበበበት፣ ቤተሰብ በቁራሽ ማሳ በሚኖርበት ወላይታ፣ አፈሩ በየክረምቱ የት እንደሚሄድ ማወቅ የምርምር ቅንጦት አይደለም። የእራት ጉዳይ ነው።

ይህን በካንቫስ ለመሳል ምን ያስፈልጋል? አሥራ ሁለት ቁጥር፣ የአሥራ ሁለት ወር ዝናብ። ለእያንዳንዱ ወር አንድ ዓምድ። የአንዱ ወር ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የሸራው ቁመት 150 ነው፤ አይበቃም። ስለዚህ ሁሉንም በ0.5 አባዛው፤ ዓምዱ 100 ነጥብ ይሆናል። ዋይ ወደ ታች ስለሚቆጥር መነሻው ከ150 ላይ 100 ሲቀነስ፣ 50 ላይ ነው። ልጁ እዚህ ጋ ሬሾ ተማረ፣ ስኬል ተማረ፣ ካርታ ላይ «1፡50,000» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ከዚያ ዓምዶቹ ተደርድረው ሲያያቸው በልጉና ክረምቱ ሁለት ጉብታ ሆነው ይወጣሉ። «አያቴ የሚለው በልግ ይኼ ነው!» ይላል። ከጎኑ የተጠረገውን አፈር በቀይ ቢስለው ደግሞ ለአባቱ የሚያሳየው ነገር አገኘ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በስብሰባ ሃያ ጊዜ «እርከን ሥሩ» ከሚል ልጁ በስልኩ የሳለውን ለአባቱ ቢያሳይ ይሻላል።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልመልስ፤ እንደሚመጡ አውቃለሁ።

«ስልክ ትምህርት ቤት ይዞ መግባት ክልክል ነው።» ክልከላው ምክንያት አለው፤ ቲክቶክ ላይ ተጥዶ የሚውል ልጅ መምህሩን አያዳምጥም። ግን ደብተርም ፍቅረኛ የሚጻፍበት ነበር፤ ደብተር አልከለከልንም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በመምህር ቁጥጥር፣ ኔት ጠፍቶ። ያም ካልሆነ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ ልጆቹ ኮዱን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ይመጣሉ፣ ተራ በተራ ያስገባሉ፣ ክፍሉ በሙሉ ያያል። ኮዱ አሥር መስመር ነው፤ ደብተር ላይ ይበቃል።

«መብራት የለም።» ስልኩ ግን ቻርጅ ይደረጋል፤ ፊልም ሲታይበት ያመሻል። ለፊልም የተገኘ ባትሪ ለትምህርት አይጠፋም።

«መምህራኑ አያውቁትም።» እውነት ነው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም። ግን ይኼ የሦስት ቀን ሥልጠና ነው እንጂ የሦስት ዓመት አይደለም። የሒሳብ መምህሩ ኤክስና ዋይን ያውቃል፤ የቀረው አምስት ትእዛዝ ነው። ለከተማ ጽዳት፣ ለካይዘን፣ ለዜጎች ቻርተር ስንት ጊዜ ተሰብስቦ የሠለጠነ መምህር ለዚህ ሦስት ቀን አያጣም። እንግሊዝኛውም አያስፈራ፤ ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው። ተለዋዋጮቹን ደግሞ ጃቫስክሪፕት በፊደላችን መሰየም ይፈቅዳል። «ዝናብ» ብለህ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ትችላለህ፤ በወላይትኛም እንደዚያው። ይሠራል።

«አሁን እኮ ኤአይ ሁሉንም ይጽፋል፤ ኮድ መማር ጊዜው አልፏል።» ይኼኛው የከተማ ተቃውሞ ነው፤ ፈጣን ዋይፋይ ካለበት ካፌ የሚመጣ። ካልኩሌተር ስለመጣ ልጅህን ማባዛት አላስተምርም ብለሃል? ኤአይ የጻፈው ልክ ይሁን ስህተት የማያውቅ ሰው አዛዥ ሳይሆን ታዛዥ ነው። ደግሞም ኤአይ ኔት ይፈልጋል፤ ወደ ጀመርንበት የኔትወርክ ለቅሶ ይመልሰናል።

«ካንቫስ ብቻውን ሥራ አያስገኝም።» ማንም ያስገኛል አላለም። ሀ ሁ ብቻውንም ሥራ አያስገኝም። ግን ሀ ሁ ሳይል ማንም ዳኛ አልሆነም። የኦንላይን ኮርሱ ለማን እንደሚጠቅም እናስብ። ካንቫስ ላይ ስድስት ወር የተጫወተ ልጅ ኮርሱ ላይ ሲገባ የሚባለው ይገባዋል፤ ምንም ሳይነካ የገባ ግን ቪዲዮውን አስሮጦ፣ መልሱን ከጓደኛው ገልብጦ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይወጣል። ሁለቱም እኩል አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። የኔ ጠብ ከዚህ ቆጠራ ጋር ነው።

ካንቫስ የማይሆንበት ቦታም አለ፤ ልናገር። ሸራው ላይ የተጻፈ ፊደል ፊደል መሆኑ ይቀራል፤ ቀለም ይሆናል። መፈለግ አይቻልም፣ መቅዳት አይቻልም፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ሶፍትዌር አያየውም። ስለዚህ ጽሑፍን በጽሑፍነቱ፣ ሥዕልን በሥዕልነቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ካንቫስ የተማረ ልጅ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ይረዳል። የየመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ግን እስከ ዛሬ አልገባውም። የቅጥር ማስታወቂያ በፎቶ፣ የጨረታ ማስታወቂያ በፎቶ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተጣሞ በፎቶ። ዓይነ ስውሩ ዜጋ ምን ተባለ ብሎ ሰው ይለምናል። ስልኩ የሚያነብለትን ነገር በገዛ እጃችን ድዳ አድርገን እንለጥፋለን። «ዲጂታል ኢትዮጵያ» ካልን ከዚህ እንጀምር፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ለእያንዳንዱም ባለቤት አለው።

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን መርሐ ግብር የምትመሩ፤ ከሰርተፊኬቱ ቁጥር አጠገብ ሌላ ቁጥር አስቀምጡ። ስንት ሰው አንዲት የሠራትን ነገር አሳየ? ጨዋታም ይሁን፣ ግራፍም ይሁን፣ ጥለትም ይሁን። መጀመሪያ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ያሳፍር ይሆናል። ይፈር፤ እውነት ይሁን እንጂ።

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ትምህርት ቢሮና የወላይታ ዞን ትምህርት መምሪያ፤ አሥር መልመጃ የያዘች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ በአማርኛና በወላይትኛ አዘጋጁ። የመጀመሪያው መልመጃ ዱንጉዛ ይሁን፣ የመጨረሻው የዝናብ ግራፍ። ለየትምህርት ቤቱ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ጨምሩ። የመኪና ነዳጅ ቆጥባችሁም ቢሆን።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አጠገባችን ነህ። የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባል ግዴታ አለብህ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችህን ክረምት ክረምት ወደ የወረዳው ላካቸው፤ መምህራኑን ሦስት ቀን ያሠልጥኑ። አጥር መቀባቱና ችግኝ መትከሉ መልካም ነው፤ ይኼ ግን የናንተ ሙያ ነው፤ ከናንተ ሌላ የሚሠራው የለም።

የጉኑኖን የዝናብና የአፈር መረጃ የያዛችሁ ተመራማሪዎች፤ መረጃው የተለካው እዚህ ነው። ዝናብ ለኪው እዚህ ዝናብ ሲመታው፣ ገበሬው እዚህ መሬቱን ሲያውስ ነው የተገኘው። አሥራ ሁለት ቁጥር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለትምህርት ቤቶቹ ስጡ። ብድር መመለስ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ስልክ ላይ ካፈጠጠ «ምን እያየህ ነው?» ብቻ አትበሉት። «ምን እየሠራህ ነው?» በሉት። በሁለቱ ጥያቄ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብድር የሚያስፈልገው፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያስፈልገው፣ ከአዲስ አበባ ፈቃድ የሚያስፈልገው አንድም የለም። ለዚህ ነው ምክንያት የማልቀበለው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እስከዚያው ድረስ ግን መምህር የሆናችሁ አንባቢዎቼ የማንንም ደብዳቤ አትጠብቁ። ኖትፓድ ክፈቱ፣ ካንቫስ ዘርጉ፣ አንድ ቀይ አራት ማዕዘን ቀቡ። ከዚያ ለልጆቹ አሳዩአቸውና ቁጥሩን እንዲቀይሩት ፍቀዱላቸው።

ይህን ጽሑፍ የምታውቁት የሒሳብ፣ የአይቲ ወይም የጂኦግራፊ መምህር ካለ ላኩለት።